ለእናቴ ቤት «አፍርሱ» የሚል ደብዳቤ ደረሰን፤ ምርጫችን ምንድን ነው?

የጣናዋ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ባሕር ዳር ነኝ፤ እናቴ የምትኖረው ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ባለች አንዲት የወረዳ ከተማ ነው። ሰው ሁሉ ስለሚተዋወቅ የከተማዋን ስም ልተወው። ቤቱ አባታችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በንጉሡ ዘመን የሠራው የጭቃ ቤት ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ባሕር ዛፍ ተማግሮ በጭቃ የተመረገ። ከጓሮ ወንድሜ ሁለት ክፍል የብሎኬት ሰርቪስ ጨምሮ ለተማሪዎች አከራይቷል፤ ለዚያ ፈቃድ አላወጣም። ካርታው እስከ ዛሬ በአባቴ ስም ነው።

ሰሞኑን ከማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ መጣ። ቃል በቃል፦ «ቤቱ ለነዋሪውና ለመንገደኛው አደጋ የሚያስከትል ሆኖ ስለተገኘ፣ እንዲሁም ያለ ፈቃድ የተሠራ ግንባታ ስላለበት፣ ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ15 ቀን ውስጥ እንድታፈርሱ፣ ይህ ካልሆነ ግን በእናንተ ወጪ የምናፈርስ መሆኑን እናሳውቃለን» ይላል። ደብዳቤውን ያመጣው ልጅ ደግሞ በቃሉ «በአዲሱ ፕላን መንገድ በግቢያችሁ ስለሚያልፍ ለማንኛውም መነሣታችሁ አይቀርም» ብሏት ሄደ።

እውነቱን ለመናገር በመንገዱ በኩል ያለው ግድግዳ ሆድ አውጥቷል፤ ጥግ ላይ ያለው ስንጥቅ እጅ ያስገባል። እናቴ ግን «ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው» ብላ ቁርጧን ተናግራለች። አንዱ ዘመድ ዝም በሉ ይላል፣ አንዱ ቶሎ ሽጡት ይላል። እናንተ ምን ትመክሩናላችሁ?

የሞጣ ልጅ

እህቴ፣ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ የሚያውቃችሁ ሰው ካለ ሰው ላኩበት። እንዲህ ያለ ደብዳቤ በየዓመቱ ክረምት ሲቃረብ ይበተናል፤ መስቀል ሲደርስ ተረስቷል።

ጡረተኛው (ደብረ ማርቆስ)

ከላይ የተሰጠውን ምክር አትከተዪ ልጄ። በማዘጋጃ ቤት የቴክኒክ ክፍል ስሠራ ነው ጡረታ የወጣሁት። ተረስቷል የሚባለው ደብዳቤ ግልባጩ መዝገብ ቤት ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ግድግዳው ሰው ላይ ከወደቀ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2077 ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ተጠያቂ ነው፤ «ይወድቃል ብዬ አልገመትኩም» ማለት አያድንም። እናንተ ደግሞ ይወድቃል ተብሎ በጽሑፍ ተነግሯችኋል።

አሁን ደብዳቤውን ደግመሽ አንብቢው። ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው አንድ ላይ የተጠቀለሉት።

አንደኛው የአሮጌው ቤት አደገኛነት ነው። መፍትሔው መጠገን ወይም ማፍረስ ሲሆን የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው የባለሙያ ምርመራ ነው። ሁለተኛው ፈቃድ የሌለው ሰርቪስ ነው። እሱ ሊወድቅ አይደለም፤ የጎደለው ወረቀት ነው፣ ስለዚህ መንገዱ ሌላ ነው። ሦስተኛው በቃል የተነገረው የመንገዱ ጉዳይ ነው። ይሄ ጥፋት አይደለም፤ እውነት ከሆነ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ብሎ ይዞታችሁን ሊወስድ ነው ማለት ነው፣ ያኔ ካሳና ምትክ አለው።

ከሁሉ የከፋው ሦስቱ ሲደባለቁ ነው። ለምን ብትይ፣ ቤቱን ዛሬ «አደገኛ ነው» ተብሎ ሳይቆጠር ካፈረሳችሁት፣ ነገ የመንገዱ ገማቾች ሲመጡ የሚያዩት ባዶ ሜዳ ነው። ካሳ የሚከፈለው መሬቱ ላይ ላረፈው ንብረት ነው። ይህን ያላወቁ ስንት ሰዎች ታዝዘናል ብለው ቶሎ አፍርሰው፣ በኋላ ባዶ እጃቸውን ሲቀሩ አይቻለሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ በጽሑፍ መጠየቅ ነው፦ ግቢያችን በፕላኑ ላይ ምን ተብሎ ተመድቧል? መልሱንም በጽሑፍ ይስጧችሁ። የቃል ወሬ ይዘሽ አንድ ድንጋይ አታንሺ።

ግንበኛው ከደጀን

ጋሼ ጡረተኛው የወረቀቱን ነገር ጨርሰውታል፤ እኔ ስለ ግድግዳው ልናገር።

ዛሬ ነገ ሳትሉ ባላ አቁሙ። ደህና ውፍረት ያለው የባሕር ዛፍ ባላ ከውስጥ በኩል በወራጆቹ ስር ይግባ፤ ጣሪያው በግድግዳው ላይ ሳይሆን በባላው ላይ ይረፍ። ከስሩ ሰፊ ጣውላ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጉበት፣ አለዚያ ክረምት ሲገባ አፈር ውስጥ ይሰምጣል። ከውጭ ደግሞ ሆድ ያወጣውን ግድግዳ በሰያፍ ደግፉት። እናትሽ ከዚያ ክፍል ወጥታ በሌላው በኩል ትተኛ። በመንገዱ በኩል እንጨት ተክላችሁ ገመድ ዘርጉ፤ ልጆች እዚያ ጥላ ስር ነው የሚጫወቱት። ይሄ ሁሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ፎቶ አንሡት፤ «አደጋውን ለመቀነስ እርምጃ ወስደናል» ለማለት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ቀጥሎ በሽታው ምን እንደሆነ እንወቅ። በጭቃ ቤት ሁለት ነገር ነው የሚያጋጥመኝ። አንዱ ቋሚው ከአፈር ጋር በሚገናኝበት ቦታ መበስበሱ ወይም ምስጥ መብላቱ ነው። ከታች ምርጉን ፈቅፍቀሽ ቋሚውን በቢላ ውጊው፤ እንደ ቂጣ ከተወጋ አልቋል። ይሄ ይጠገናል። ጣሪያውን በባላ ይዞ አንድ በአንድ ቋሚ መቀየር፣ ከስር የድንጋይ መሠረት ከመሬት ከፍ አድርጎ ማስገባት፣ ከዚያ ማገሩን አስተካክሎ እንደገና መመረግ ነው።

ሁለተኛው አፈሩ ነው። በእኛ በኩል ከደጀን እስከ ብቸና ጥቁር አፈር የበዛበት ቦታ ብዙ ነው። ያ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ቤቱን በየዓመቱ ያነሣዋል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። ምልክቱ ከመስኮትና ከበር ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ፣ በበጋ የሚሰፋ በክረምት የሚጠብ ስንጥቅ ነው። ይሄኛው ምርግ ብትደራርቢበት አይድንም። አሸንዳ ገጥሞ የጣሪያውን ውኃ ከግድግዳው ማራቅ፣ ዙሪያውን ቦይ ማውጣት፣ ግድግዳው ስር የተተከለ ባሕር ዛፍ ካለ መቁረጥ (ሥሩ አፈሩን ያደርቀዋል) ብዙ ያግዛል። አዲስ የምትሠሩ ከሆነ ግን መሠረቱ ጥቁሩን አፈር አልፎ ጠንካራው ላይ ካልደረሰ ብሎኬቱም ያው ነው የሚሆነው። ቤቴ ብሎኬት ነው ብሎ የሚኩራራብኝ ጎረቤት አለኝ፤ ስንጥቁን በካላንደር ሸፍኖታል።

ስንጥቁ እየሰፋ መሆኑን ለማወቅ በሁለቱም ጫፉ ላይ በእርሳስ መስመር አስምሩና ቀኑን ጻፉ። መሐንዲስ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

የጣናዋ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወንድሜ ዛሬውኑ ባላ ሊያቆም ሄዷል። ቋሚዎቹን በስልክ አስወጋሁት፤ በመንገዱ በኩል ያሉት ሦስቱ ሙሉ በሙሉ በስብሰዋል፣ ሌሎቹ ደህና ናቸው ብሎኛል።

አሁን ጥያቄዬ፦ 15 ቀን ውስጥ ይህን ሁሉ መጨረስ አንችልም። ቀኑ ካለፈ ያፈርሱብናል? ደግሞስ ካርታው በሟች ስም እያለ ማነው አቤት የሚለው?

ጠበቃዋ

እህቴ፣ ከቀኑ እንጀምር። በ15 ቀን ውስጥ ሥራውን መጨረስ አይጠበቅባችሁም፤ መልስ መስጠት ግን ይጠበቅባችኋል። መልስ ያላገኘ ትእዛዝ እንደ ተቀበላችሁት ይቆጠራል።

የሕንፃ ሥራ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ ቁጥር 624/2001 ሲመራ የቆየ ጉዳይ ነው። ትእዛዝ የሚሰጠው የሕንፃ ሹም ነው፤ በሹሙ ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው አቤቱታውን የሚያቀርብበት ይግባኝ ሰሚ ቦርድም በዚያ አዋጅ ተቀምጦ ነበር። ደብዳቤው የትኛውን ሕግና የትኛውን አንቀጽ እንደሚጠቅስ እዩ። ምንም ካልጠቀሰ በየትኛው ሕግ መሠረት እንደተሰጠ፣ ምርመራውን ያደረገው ባለሙያ ማን እንደሆነና የምርመራው ሪፖርት ግልባጭ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ሪፖርት ሳይኖር በዓይን አይቶ ብቻ «አፍርሱ» ማለት ደካማ ትእዛዝ ነው፤ እናንተ ግን «ደካማ ነው» ብላችሁ ከመቀመጥ የራሳችሁን የመሐንዲስ ሪፖርት አቅርቡ። ቤታችሁ ባለ አንድ ወለል መኖሪያ ነው፣ በዚያ አዋጅ ምድብ «ሀ» ከሚባለው ይገባ ነበር። ስለዚህ ለጥገናው እንደ ፎቅ ያለ ብዙ ንድፍ አይጠየቅበትም ነበር።

አስተዳደሩ አልሰማ ካለና ሊያፈርስ ከተነሣ ክስ መሥርቶ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 መሠረት የእግድ ትእዛዝ መጠየቅ ይቻላል። ዳኛው መጀመሪያ የሚያየው ንብረቱ ሊጠፋ መሆኑንና እናንተ በበኩላችሁ ምን እንዳደረጋችሁ ነው። ባላ ያላቆመ፣ ደብዳቤ ያልመለሰ ሰው እግድ ለማግኘት ይቸገራል።

ስለ ስሙ፦ ይዞታው በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ከሆነ ግማሹ የእናትሽ ነው፤ የአባትሽ ድርሻ ወደ እናንተ ወደ ልጆቹ ይተላለፋል። ስለዚህ እናትሽ በራሷ መብት አቤት ማለት ትችላለች፣ ወራሽነቱ እስኪያልቅ መጠበቅ የለባትም። በጎን ግን የወራሽነት ማረጋገጫውን ከፍርድ ቤት አውጡ። እናትሽ ደጅ መጥናት ካልቻለች ለአንዳችሁ ውክልና ትስጥ። የሟች ስም ያለበት ካርታ ካሳ ሲመጣ ሁሉንም ነገር ያስቆመዋል፤ ገንዘቡ ተቀምጦ ወንድማማቾች የሚካሰሱበት ብዙ መዝገብ አውቃለሁ።

አንባቢ (እንጅባራ)

የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ 1183/2012 አለ አይደል? ማንኛውም መሥሪያ ቤት ውሳኔ ከመስጠቱ በፊት ባለጉዳዩን መስማት አለበት ይላል። በእሱ ብትከሱስ?

ጠበቃዋ

እሱ የፌዴራል ተቋማትን የሚመለከት አዋጅ ነው ወንድሜ። የወረዳ ከተማ ማዘጋጃ ቤትን በእሱ ከከሰሳችሁ መጀመሪያ የሚነሣባችሁ መቃወሚያ ይኸው ነው። የክልሉን ሕግ ነው መጥቀስ ያለባቸው። አቅም ለሌለው ሰው የደብረ ማርቆስም የባሕር ዳርም ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ አቤቱታውን እዚያ ማስጻፍ ይቻላል። በአስተዳደር በደል ደግሞ ባሕር ዳር የእንባ ጠባቂ ተቋም ቅርንጫፍ አለ። ግን እንባ ጠባቂ ቀን አያቆምላችሁም፤ ለይግባኙ ምትክ አድርጋችሁ አትያዙት።

የብቸና ልጅ

እኔ ትንሽ የተለየ ሐሳብ አለኝ፣ አትቀየሙኝ። ሁላችሁም ቤቱን ለማዳን ነው የምታወሩት። በእውነት መንገድ የሚያልፍበት ከሆነ ለጥገና ገንዘብ ማፍሰስ ምን ይጠቅማል? ካሳው በንብረቱ ይገመታል ተባለ፤ ግን ማስታወቂያ ከደረሰ በኋላ የተጨመረው አይቆጠርም ሲባል ሰምቻለሁ። እኔ ብሆን ባላውን አቁሜ፣ ሌላ ሳንቲም ሳላወጣ መንገዱ እስኪረጋገጥ እጠብቃለሁ።

ጡረተኛው (ደብረ ማርቆስ)

የብቸናው ልጅ ትክክል ነህ፤ ለዚህም ነው ቅደም ተከተሉ ወሳኝ የሆነው። መንገዱ እርግጥ ከሆነ ባላና ገመድ ብቻ፣ ከዚያ ቆጠራ መጠየቅ። መንገዱ ወሬ ከሆነ ጥገና። በአዋጅ 1161/2011 መሠረት (በ2016 ማሻሻያ ስለተደረገበት ሁለቱንም አብራችሁ አንብቡ) ባለይዞታው አስቀድሞ ሊመከር፣ በጽሑፍ ሊነገረው ይገባል፤ ለቤቱ የሚከፈለው ያረጀው ቤት የገበያ ዋጋ ሳይሆን ቤቱን እንደገና ለመሥራት የሚያስፈልገው ወጪ ነው፣ ምትክ ቦታና የመፈናቀያ ካሳም አለው። በትእዛዙ ቅር ያለው ሰው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚ አካል ማመልከት አለበት፣ ከዚያ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት። መሠረቱም ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ነው፤ ካሳው በቅድሚያ እንዲከፈል ያዛል።

ማስታወቂያው ከደረሰ በኋላ የሚሠራ ግንባታ አይቆጠርም የተባለውም እውነት ነው። ያለ ፈቃድ የተሠራው ሰርቪስም እንዳይቆጠር ሰበብ ይሆናል። ስለዚህ ሰርቪሱን ቶሎ ወደ መስመር ማስገባት አለባችሁ። አሁን ያለበትን ሁኔታ የሚያሳይ ፕላን በባለሙያ አሠርታችሁ፣ ከካርታው ወሰን አለመውጣቱን አሳይታችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ቅጣት ሊኖር ይችላል፣ ክፈሉ። ከወሰን ወጥቶ የጎረቤት ወይም የመንገድ መሬት ነክቶ ከሆነ ግን አትከራከሩ፤ የወጣውን ክፍል ራሳችሁ አንሡት።

ሻጩ

መሸጥም እኮ አንድ ምርጫ ነው፣ ለምን ዘላችሁት? ገዢ እኔ አለሁ የሚል አይጠፋም።

ጠበቃዋ

አይከለከልም። ግን ሽያጩ በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው አካል ፊት መመዝገብ አለበት (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723)፤ በሟች ስም ያለ ካርታ ደግሞ ወራሽነቱ ሳይጠራ አይዞርም። ደብዳቤውን ደብቆ መሸጥ ደግሞ ነገ በማታለል ውሉ እንዲፈርስ ያደርጋል። «ቶሎ ሽጡ» የሚሏችሁን ሰዎች ማንነት እዩ፤ መንገድ እንደሚያልፍ የሰማ ደላላ ካሳውን ለራሱ ሊያደርግ ይሆናል።

እትዬ (ፍኖተ ሰላም)

የኔ ልጅ፣ ስለ እናትሽ ማንም አላነሣም። ስንት ዘመን የኖረችበትን ቤት በሕግ አንቀጽ አታስለቅቂያትም። እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም የነፍስ አባቷ ናቸው የሚያናግሯት፤ ከልጅ ቃል የእሳቸው ይሰማል። «ቤቱን ልቀቂ» አትበሏት፤ «ግድግዳው እስኪሠራ ወዲያኛው ክፍል ተኚ» በሏት። ለጥገናውም ወንፈል ጥሩ፤ ጭቃ ማቡካትና መመረግ ለእድርተኛው የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። እናንተ ጠላውንና እንጀራውን አዘጋጁ። ግንበኛ የሚከፈለው ለቋሚው ብቻ ይሁን።

የጣናዋ (ጠያቂ)

እትዬ፣ ስላስታወሱኝ እግዜር ያክብርልኝ፤ እውነትም የነፍስ አባቷን ደወልኩላቸው። የመንገዱን ነገር ለመጠየቅ ወንድሜ ሲሄድ በቃል «አዎ በፕላኑ አለ» ብለውታል፣ በጽሑፍ ግን ገና ነው። ለማዘጋጃ ቤቱ የሚገባውን ደብዳቤ እንዴት ብለን እንጻፍ?

ጠበቃዋ

አጭር ይሁን፤ ልቅሶና ምርቃት አታብዙበት። እንዲህ፦

«ጉዳዩ፦ በቀን … በቁጥር … ለተጻፈልን ደብዳቤ መልስ ስለመስጠትና ጊዜ እንዲሰጠን ስለመጠየቅ።

ከላይ የተጠቀሰው ደብዳቤ በቀን … ደርሶናል። አንደኛ፣ አደጋን ለመከላከል በመንገዱ በኩል ያለውን ግድግዳ ደግፈናል፣ ክፍሉን ለቀናል፣ መንገደኛ እንዳይጠጋ አጥረናል፤ ፎቶው ተያይዟል። ሁለተኛ፣ ቤቱ መጠገን የሚችል መሆን አለመሆኑን በመሐንዲስ እያስመረመርን ስለሆነ ውጤቱን እስክናቀርብ ጊዜ እንዲሰጠን፣ የመሥሪያ ቤቱ የምርመራ ሪፖርት ግልባጭም እንዲሰጠን እንጠይቃለን። ሦስተኛ፣ ለሰርቪሱ ፈቃድ ለመጠየቅ ፕላን እያሠራን ነው። አራተኛ፣ ይዞታችን በፕላኑ ላይ ለመንገድ ተመድቧል ወይስ አልተመደበም የሚለው በጽሑፍ እንዲገለጽልን፣ ተመድቦ ከሆነ ማንኛውም የማፍረስ ሥራ ከመከናወኑ በፊት ንብረቱ እንዲቆጠርልን እንጠይቃለን።»

በሁለት ኮፒ አዘጋጁ። አንዱን መዝገብ ቤት ስታስገቡ ሌላው ላይ ቀንና ማኅተም አስመቱ። «ነገ ተመለሱ» ካሏችሁ በሪኮማንዴ በፖስታ ላኩት፤ ደረሰኙ ማስረጃ ነው።

ግንበኛው ከደጀን

አራተኛዋን ነጥብ ወድጃታለሁ። ከቆጠራው በፊት ራሳችሁም ቁጠሩ፦ የክፍሉን ርዝመትና ወርድ፣ የቆርቆሮውን ብዛት፣ በርና መስኮቱን፣ ሊሾውን፣ የግቢውን አጥር፣ ሽንት ቤቱን፣ ጓሮ ያለችውን ጌሾና ቡና ሳይቀር። ገማቾች ሲቸኩሉ ሽንት ቤትና አጥር ይረሳሉ።

የጣናዋ (ጠያቂ)

ጌሾው ብቻውን ግማሽ ግቢ ነው! ደብዳቤውን ነገ እናስገባለን። አንድ ነገር ብቻ፦ ሰርቪሱ ውስጥ ያሉት ተማሪዎች ይውጡ ወይ?

ጡረተኛው (ደብረ ማርቆስ)

ሰርቪሱ ደህና ከሆነ አይውጡ፤ ግን ደብዳቤ እንደመጣ ንገሯቸው፣ አዲስ ተከራይም አታስገቡ። መጨረሻ ላይ ማፍረስ ግድ ከሆነ ደግሞ ለማፍረሱም ፈቃድ አውጡ፣ መብራት ኃይል መጥቶ መስመሩን ሳይቆርጥ ማንም ጣሪያ ላይ አይውጣ። ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነ ከአሁኑ እዩት፤ እሱም በአባትሽ ስም ከሆነ ከወራሽነቱ ጋር አብራችሁ አዙሩት።